ድርብ ኩክኒ የንጹሕ ዘር ማረጋገጫ ነውን? የሀበሻን ዶሮ መልክና እርባታ ለተመለከተ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሐይቅ ከተማ አቅራቢያ ነው። ኩክኒ የምንለው በዶሮ አናት ላይ የሚበቅለውን ቀይ ሥጋ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላሉ፦ «የጥንቱን የወሎ ዶሮ ዘር ሳይበረዝ ለማቆየት አስቤ ከገበያ አንድ ቀይ፣ ድርብ ኩክኒ አውራ ዶሮና ዐሥር ሴቶች ገዝቼ ማርባት ጀመርኩ። ንጹሕ የሀበሻ ዶሮ ላባው ቀይ፣ ኩክኒው ድርብ፣ እግሩ ቢጫ ነው ስለተባልኩ፣ ነጠላ ኩክኒ ሆነው የሚያድጉትን ሁሉ እየሸጥኩ ድርቦቹን ብቻ አስቀራለሁ። ይሁን እንጂ እናትም አባትም ድርብ ሆነው ሳለ ነጠላ ኩክኒ ጫጩት መውጣቱ አልቀረም። ጎረቤቶቼ አውራው ከፈረንጅ ዶሮ የተቀላቀለ ነው ይሉኛል። ዘንድሮ ደግሞ ከማስታቅፈው ዐሥራ ሁለት እንቁላል የሚፈለፈለው አምስት ወይም ስድስት ብቻ ሆኗል። ነጠላዎቹን ማስወገዴን ልቀጥል? አውራው ስላረጀ ልጁን ከእኅቶቹ ጋር ባራባው ጉዳት አለው? ለመራቢያ የሚሆነውንስ በምን መልክ ልምረጥ?»

የሀበሻ ዶሮ አንድ ወጥ መልክ ያለው ዝርያ አይደለም። ሆሮ፣ ጃርሶ፣ ጥሊሊ፣ ቴፒ እየተባሉ በጥናት የተመዘገቡት የአገራችን ዶሮዎች ስማቸውን ያገኙት ከተገኙበት ቦታ እንጂ ከላባቸው ቀለም ወይም ከኩክኒያቸው ቅርጽ አይደለም፤ በየአንዳንዳቸው ውስጥ ቀዩም፣ ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ገብስማውም፣ ወሰራውም፣ ነጠላውም፣ ድርቡም ይገኛል። የወሎም ዶሮ እንዲሁ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርደውን ወይም ከኩታበርና ከወረኢሉ ወደ ደሴ የሚመጣውን ዶሮ አንድ በአንድ ለተመለከተ ሰው፣ በመልክ ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ይህ ዝብርቅርቅነት የመበረዝ ምልክት አይደለም። በየጓሮው ለብዙ ዘመን በነጻነት ሲራባ የኖረ፣ ማንም በመልክ ለይቶ ዘግቶ ያላራባው የዶሮ ሕዝብ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው።

እርስዎ የዘር መለኪያ አድርገው የያዟቸው ሦስቱ ምልክቶች፣ ማለትም ቀይ ላባ፣ ድርብ ኩክኒና ቢጫ እግር፣ በእውነቱ የበዓል ገበያ መለኪያ ናቸው። ገዢ ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለፋሲካ ድርብ ኩክኒ ያለውን ቀይ አውራ ይመርጣል፤ ዋጋውም ከነጠላው ይበልጣል። ለሻጭ ይህን ማወቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ገዢ የሚወደው መልክና የአንድ ዘር መታወቂያ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱ ሲምታቱ አርቢው ጠብቄ አቆየዋለሁ ያለውን ዘር በገዛ እጁ ያጠበዋል።

በመልክ የሚዳኙ ዝርያዎች ባሉባቸው አገሮች ዳኛው የሚመራው በተጻፈ መለኪያ ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መጽሐፍ በእንግሊዝ የታተመው በ1865፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1874 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለኩክኒ ይህን ያህል፣ ለጀርባ ይህን ያህል፣ ለጅራት ይህን ያህል እየተባለ ነጥቡ ተከፋፍሎ ድምሩ 100 ይሆናል። እነዚያ ዝርያዎች መለኪያው የሚሠራላቸው አስቀድሞ ለብዙ ትውልድ ተለይተውና ተዘግተው ስለተራቡ ነው። ለሀበሻ ዶሮ እንዲህ ያለ መለኪያ አልተጻፈለትም። ዛሬ ተነሥተን ሦስት ምልክት መርጠን «ንጹሑ ይህ ነው» ብንል አዲስ ዝርያ መፍጠር እንጀምራለን እንጂ የነበረውን አላቆየንም። ባሕር ማዶም ቢሆን ነባር ዝርያን የሚጠብቁ ሰዎች ከመልክ በተጨማሪ ሌላ ነገር ይጠይቃሉ፤ ዶሮው ያለ ሰው እርዳታ በተፈጥሮ የሚራባ፣ ደጅ ውሎ ረጅም ዕድሜ የሚያፈራ፣ በዝግታ የሚያድግ መሆን አለበት ይላሉ። የእርስዎ ጓሮ ዶሮዎች ቀይ ሆኑም ጥቁር ይህን ያሟላሉ።

አሁን ወደ ኩክኒው እንምጣ፤ የጥያቄዎ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። የኩክኒ ቅርጽ በዘር የሚተላለፈው በምን ሕግ እንደሆነ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ቤትሰን፣ ሜንዴል በዕፅዋት ላይ ያገኘው የውርስ ሕግ በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳየው በዶሮ ኩክኒ ነው። በእኛ አገር «ድርብ» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው በእርግጥ ከአንድ በላይ ዓይነት ነው። አንደኛው ሰፊና ዝቅ ያለ፣ ላዩ በጥቃቅን እብጠቶች የተሸፈነ፣ ወደ ኋላ በሹል ጫፍ የሚያልቅ ነው። ሁለተኛው በሦስት ዝቅተኛ ረድፎች ከመንቆሩ ሥር ወደ አናቱ የሚሄድ ነው። ሁለቱ በአንድ ዶሮ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ሦስተኛ፣ ድቡልቡልና ሸካራ ቅርጽ ይወጣል። ሁለቱም የድርብ ዓይነቶች በነጠላው ላይ አይለዋል፤ ጫጩት ከእናቱ ወይም ከአባቱ አንዱን የድርብ ውርስ ቢያገኝ ኩክኒው ድርብ ይሆናል። ነጠላ የሚሆነው ከሁለቱም ወላጆች የነጠላን ውርስ ሲያገኝ ብቻ ነው።

ስለዚህ ድርብ ኩክኒ ያለው አውራ የነጠላን ውርስ ሳይታይበት ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ አውራ እንደ እርሱ ነጠላን ከተሸከመች ድርብ ዶሮ ጋር ሲገናኝ፣ ከአራት ጫጩት አንዱ ገደማ ነጠላ ይሆናል። ነጠላ ኩክኒ ካላት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ነጠላ ይወጣል። በእርስዎ ግቢ የሆነው ይኸው ነው። የፈረንጅ ዶሮ በመካከል መግባት አላስፈለገውም፤ ጎረቤቶችዎ የሰጡት ፍርድ መሠረት የለውም። ነጠላ ኩክኒ የፈረንጅ ምልክት ቢሆን ኖሮ፣ የውጭ ዝርያ እግሩ ረግጦት በማያውቅ የደላንታ ወይም የተንታ ቀበሌ ነጠላ ባልተገኘ ነበር። እንዲያውም ነጠላው የዶሮ ሁሉ የጥንት ቅርጽ ነው፤ የዶሮ የዱር አባት የሆነው የእስያው ቀይ የጫካ ዶሮ ኩክኒው ነጠላ ነው።

ከዚህ በላይ ሊያሳስብዎ የሚገባው ነጠላውን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት ያደረጉት ጥረት ያስከተለው ነገር ነው። ሰፊውን ድርብ ኩክኒ ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ፣ ማለትም ነጠላን ፈጽሞ ያልተሸከመ አውራ፣ የማስረገዝ አቅሙ አንድ ወገን ብቻ ከወረሰው ያነሰ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። የወንድ ዘሩ ቶሎ ይደክማል፤ በዶሮዋ ሆድ ውስጥም እንደሌላው አይቆይም። አውራው ጤነኛ ይመስላል፣ ይጮኻል፣ ዶሮዎቹን ያጠቃል፤ ከእንቁላሉ ግን ብዙው ባዶ ይሆናል። በየትውልዱ ነጠላውን እየሸጡ ድርቡን ሲያስቀሩ እንዲህ ያሉ አውራዎች ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። የመፈልፈሉ መቀነስ ከዚህ ምርጫ ጋር አብሮ መምጣቱ ድንገተኛ ላይሆን ይችላል።

ሆኖም ወደዚህ ከመድረስዎ በፊት ቀላሉን ምክንያት ያጣሩ። በአገራችን ጓሮ በደኅና አያያዝ የታቀፈ እንቁላል ከ100 ውስጥ 70 እስከ 80 ያህሉ ይፈለፈላል፤ ከ12 አምስት መውጣቱ በእርግጥ ዝቅተኛ ነው። በታቀፈች በሰባተኛው ሌሊት እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አንሥተው በጨለማ ቤት ወፍራም ጫፋቸውን በስልክ መብራት ላይ ያኑሩ። ሕይወት ያለው ከመሐሉ ጥቁር ነጥብ፣ ከነጥቡም ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀይ የደም ሥሮች ይታዩበታል። ምንም የማይታይበትና ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ እንቁላል አውራው ያላስረገዘው ነው፤ ወይም ፅንሱ ገና በማለዳው ሞቷል። ከደም ሥር ይልቅ ቀይ ቀለበት ብቻ ካዩ ደግሞ ተፀንሶ የሞተ ነው። ጥርት ያሉት ከበዙ ጥርጣሬው ወደ አውራው ያመራል። የሞቱት ከበዙ ግን ወደ እንቁላሉ አቀማመጥ፣ ወደ አቃፊዋ ወይም ወደ ወላጆቹ ዝምድና ይመለከታል። ሊታቀፍ የሚገባው እንቁላል ከተጣለ ሰባት ቀን ባይሞላው ይመረጣል፤ ከዐሥር ቀን በላይ የቆየ ለምግብ ይዋል። የሀበሻ ዶሮ አካሏ ትንሽ ስለሆነ ከዐሥራ ሦስት በላይ ማስታቀፍ ዳር ዳሩን ያበርደዋል።

ሦስተኛው ጥርጣሬ ዝምድና ነው፤ ልጁን ከእኅቶቹ ጋር ላራባው ወይ ብለው ለጠየቁት መልሱም ከዚህ ይገኛል። አያድርጉት። ከወንድምና ከእኅት፣ ወይም ከአባትና ከልጁ የሚወለድ ጫጩት ሩብ ያህሉ ውርሱ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሆኖ ይገጥማል፤ ተደብቆ የኖረ ጉድለት ሁሉ የሚወጣው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ምልክቱ ደግሞ እርስዎ ያዩት ነው፦ እንቁላል ውስጥ የሚሞት ጫጩት ይበዛል፣ የተፈለፈለውም በፊተኞቹ ሳምንታት ይቀጫል። አንድ አውራ ከዐሥር ሴቶች ጋር ተዘግቶ ሲራባ በአንድ ትውልድ ብቻ የዝምድናው መጠን ወደ 14 በመቶ ይጨምራል፤ ዘር ጠባቂዎች የሚቀበሉት ጭማሪ ግን ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ዘርን ለማቆየት በአንድ አውራ መተማመን እንደማይቻል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር የለም።

ስለ እግርና ስለ ላባ ቀለም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቢጫ እግር እንደ ነጠላ ኩክኒ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ብቻ የሚታይ ነው። ነጭ ወይም ጥቁር እግር ያለው ዶሮም ያው የሀበሻ ዶሮ ነው። አንድ ነገር ግን በጥብቅ ያስተውሉ፦ ብዙ እንቁላል የምትጥል ቢጫ እግር ዶሮ ቢጫነቷን ከአካሏ አውጥታ ወደ እንቁላሉ አስኳል ስለምትልከው እየገረጣች ትሄዳለች። መግረጣቱ በመውጫዋ ዙሪያ ይጀምርና በዓይኗ ዙሪያና በመንቆሯ አልፎ መጨረሻ እግሯ ላይ ይደርሳል። መጣል ስታቆም ቀለሙ በዚያው ቅደም ተከተል ይመለሳል። እንግዲህ በእንቁላል ወራት እግሯ እንደ ወርቅ የሚያበራውን መርጦ የገረጣችውን የሚሸጥ ሰው የማትጥለውን አስቀርቶ ጣይዋን ሸጠ ማለት ነው። ከቀያዮች መካከል ድንገት ነጭ ጫጩት መውጣቱም እንደ ነጠላ ኩክኒ ተደብቆ የኖረ ውርስ ነው። ነጭ ሌግሆርን የተባለው የፈረንጅ ዝርያ ግን ከዚህ ይለያል፤ የእርሱ ነጭነት በሌላው ቀለም ላይ የሚያይል ስለሆነ ልጆቹን በመጀመሪያው ትውልድ ነጭ ያደርጋቸዋል።

የውጭ ዘር መግባቱን የሚጠቁም ምልክት የለም ማለቴ አይደለም። የውጭ ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ በተደራጀ መልክ መግባት የጀመሩት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአለማያና በጅማ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ሌግሆርን፣ ፋዩሚ፣ በቅርቡም ኩኩክ፣ ቦቫንስ ብራውንና ሳሶ በየወረዳው ተሠራጭተዋል። በእኛም አካባቢ የኮምቦልቻው የዶሮ ብዜት ማዕከል ለብዙ ዓመታት ጫጩት ሲያሠራጭ ኖሯል። ስለዚህ በሐይቅ ዙሪያ ያለ ጓሮ ቅንጣት የውጭ ውርስ የለውም ብሎ መማል አይቻልም። ግምት የሚሰጡት ምልክቶች ግን ከኩክኒው ዓይነት ሌላ ናቸው፦ በሙሉ ዕድሜዋ ከሁለት ኪሎ በላይ የምትመዝን ሴት፣ ደማቅ ቡናማ ትልቅ እንቁላል፣ ትልቅ ሆኖ ወደ አንድ ጎን የሚወድቅ ነጠላ ኩክኒ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዓመት ዓመት ማቀፍ የማታውቅ ዶሮ። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን ያቺን ዶሮ ከመራቢያው መንጋ ማውጣት ተገቢ ነው። የኩኩክን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ከአገሬው ገብስማ በዓይን ብቻ ለመለየት አይድከሙ፤ ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ነጠላውንና መላጣ አንገቱን ማጥፋት ለወሎ በተለይ ጎጂ የሚሆንበት ምክንያት የአገሩ አቀማመጥ ነው። ወሎ ከቆቦና ከባቲ ቆላ እስከ ወረኢሉና ደላንታ ውርጭ ድረስ በአጭር ርቀት የሚለዋወጥ አገር ነው። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሙቀቷን ከምታስወጣባቸው የአካል ክፍሎች አንዱ ኩክኒዋ ነው። ከፍ ያለ ነጠላ ኩክኒ በቆላ ይጠቅማል፣ በብርቱ ውርጭ ግን ጫፉ ይጠቁራል፤ ዝቅ ያለው ድርብ በደጋ ይመቻል። መላጣ አንገት የሆነው ደግሞ ከሌላው ያነሰ ላባ ስላለው በሙቀት አገር የተሻለ ይበላል፣ የተሻለም ያድጋል። ሰው መልኩን ስለማይወደው በርካሽ ይሸጠዋል እንጂ ለቃሉ ወረዳና ለባቲ አርቢ ሀብት ነው። የእርስዎ ወይና ደጋ በሁለቱ መካከል ስለሆነ ሁለቱንም ኩክኒ መያዝ ይችላሉ፤ መያዝም አለብዎ።

መልክን ብቻ ተከትሎ መምረጥ ወዴት እንደሚያደርስ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ፊቱ ነጭ የሆነው ጥቁር የስፔን ዶሮ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በእንቁላሉ የተመሰገነ ነበር። የውድድር አርቢዎች የፊቱን ነጭ ቆዳ ሰፊ ለማድረግ ትውልድ በትውልድ ሲመርጡ ነጩ ሰፋ፣ ዶሮው ግን ጥንካሬውን አጥቶ ጫጩቱ ለማደግ የማይበረታ፣ ብርድ የማይችል ሆነ፤ አርቢዎቹም እየተዉት ሄዱ።

ታዲያ የሚመረጠው በምንድን ነው? ዶሮን መዳኘት የሚጀምረው በእጅ ነው። ማታ ቆጥ ላይ ሳለች ያለ ግርግር ያንሡና ደረቷን በመዳፍዎ ላይ ያሳርፉ። ጣቶችዎ የደረቷን አጥንት ከፊት እስከ ኋላ ይከተሉት፤ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። የተጣመመ ከሆነ ገና ሳትጠነክር በቀጭን ቆጥ ላይ ከማደር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የአንድ እናት ልጆች ሁሉ ተጣመው ከተገኙ ግን ዘር ነውና ለመራቢያ አይያዙ። በአጥንቱ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ መዳፍ የሚሞላ ይሁን እንጂ አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት አይውጣ። ቀጥሎ ከመውጫዋ በታች ያሉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ይፈልጉ፤ በመካከላቸው ሁለት ጣት ጎን ለጎን የሚገባ ከሆነና አጥንቶቹ ሳሳ ብለው ትንሽ የሚለመጡ ከሆኑ ጣይ ናት፤ አንድ ጣት ከጨነቀው አሁን እየጣለች አይደለም። መውጫዋም ሰፊና እርጥብ ይሁን። መንቆሯ በላይና በታች የሚገጥም፣ ዓይኗ ክብ፣ ጎላ ያለና ሁለቱም አንድ ቀለም፣ ጣቶቿ ቀጥ ያሉ፣ የእግሯ ቅርፊት ያልተነሣ ይሁን። ቅርፊቱ ተነሥቶ ዱቄት ከመሰለ የእግር እከክ ነውና ይታከማል፤ በዘር ጉድለት አይቆጠርባትም።

ከእጅ ምርመራው በላይ የሚያስረዳው ግን መዝገብ ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ጣለች፣ ስንት ታቀፈች፣ ስንት ፈለፈለች፣ ከዚያም ሁለት ወር ሲሞላ ስንቱን ከጭላትና ከሸለምጥማጥ አተረፈች የሚለውን በደብተር ይያዙ፤ ዶሮዎቹን በእግራቸው ላይ በሚታሰር ባለ ቀለም ክር ይለዩ፣ ክሩንም እግራቸው ሲወፍር ያላሉት። አንዲት የጓሮ ዶሮ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት እንቁላል ትጥላለች። ሃምሳ እንቁላል ጥላ ሦስት ጫጩት ካሳደገች ይልቅ አርባ ጥላ ዐሥራ አምስት ያሳደገችው ትበልጣለች። አውራ ሲመርጡም ከእርሱ መልክ በፊት የእናቱን መዝገብ ይመልከቱ፤ እርሱ እንቁላል ባይጥልም የእናቱን ችሎታ ለሴት ልጆቹ ያስተላልፋልና። ወንዶቹን ሁሉ በ16 ሳምንታቸው ይመዝኑና ከደኅና እናቶች ከተወለዱት መካከል የከበዱትን ይያዙ። ከዚህ በኋላ የቀረው እኩል ከሆነ ቀዩን ወይም ድርቡን መምረጥ መብትዎ ነው፤ መልክ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው።

ከፈረንጅ ዶሮ ይልቅ የአገሬውን ዘር እያዳከመ ያለው የበዓል ሽያጭ ነው ብዬ አምናለሁ። በየቤቱ ፈጥኖ ያደገው፣ ደረቱ የሞላው፣ መልኩ ያማረው አውራ ለገና ወይም ለፋሲካ፣ በሙስሊሙ ቤት ደግሞ ለዒድ ይሸጣል ወይም ይታረዳል። ገዢ ያልፈለገው ቀጭኑና ዘግይቶ ያደገው ግቢ ውስጥ ቀርቶ የሚቀጥለው ትውልድ አባት ይሆናል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ያለማወቅ የተደረገ የተገላቢጦሽ ምርጫ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የመራቢያው አውራ ጾሙ ሳይጋመስ፣ ነጋዴ ደጅ ሳይቆም ተመርጦ ክር ይታሰርለት፤ የታሰረለት ደግሞ በምንም ዋጋ አይሸጥ።

የማሳስብዎ አሠራር የሚከተለው ነው። ነጠላ ኩክኒዎቹን በመልካቸው ብቻ ማስወገድዎን ዛሬ ያቁሙ፤ ደኅና ነጠላ ቄቦችን መልሰው ወደ መራቢያው ያስገቡ። አሮጌውን አውራ ያሰናብቱ፣ ልጁንም ከእኅቶቹ ይለዩ። በምትኩ ዝምድና ከሌላቸው ከሦስት የተለያዩ ቀበሌዎች ሦስት አውራ ይግዙ፤ ቢቻል አንዱ ነጠላ ይሁን። ከነጠላው የሚወለዱ ድርብ ወንዶች ሁሉ የነጠላን ውርስ ስለሚሸከሙ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የመካንነት ችግር አይነካቸውም፤ ድርብ አውራ ለገበያ የሚፈልጉ ከሆነም በዚህ መንገድ አያጡም። መንጋውን በሦስት ቤተሰብ ይክፈሉት፤ የአንደኛው ወንዶች ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛው ወደ አንደኛው በየዓመቱ ይዛወሩ፤ ሴቶቹ ግን በተወለዱበት ይቆዩ።

ይህ ለአንድ ቤት በቂ ጥንቃቄ ነው፤ ዘሩን ለማቆየት ግን አንድ ቤት አይበቃም። ዐሥራ አምስት ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ አውራና አምስት ሴት ቢይዙና አውራዎቹን በተራ ቢለዋወጡ፣ የዝምድናው ጭማሪ በትውልድ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ የተፈለገውም ልክ ይኸው ነው። ዐሥራ አምስት ቤት በወሎ አንድ የቡና ጎረቤት ወይም አንድ ቅሬ (ዕድር) ማለት ነው፤ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም። የዶሮ ኤክስቴንሽን ባለሙያውን ከጎን ያድርጉት፤ ስሪንቃ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከልም ለሰሜን ወሎ አርቢዎች ቅርብ ነው።

ከዚህ አሠራር የማይጠበቀውንም ማወቅ ያሻል። በጓሮ ምርጫ የሀበሻ ዶሮ በዓመት እንደ ቦቫንስ 300 እንቁላል አትጥልም። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በሆሮ ዶሮ ላይ የተካሄደው የማሻሻያ ሥራ በሰባት ትውልድ ውስጥ የ16 ሳምንት ክብደቷን ወደ እጥፍ አሳድጓል፤ እንቁላሏንም በእጅጉ ጨምሯል። የአገሬው ዶሮ በውስጡ ብዙ የተደበቀ አቅም እንዳለው ይህ ሥራ በግልጽ ያሳያል። ሆኖም ያ ሥራ የተሠራው በብዙ መቶ ዶሮ፣ በተናጠል መዝገብና በተሟላ መኖ ነው። በእርስዎ ግቢ ለውጡ አዝጋሚ ይሆናል፤ ቀድሞ የሚታየውም በእንቁላል ቁጥር ሳይሆን በሚተርፈው ጫጩት ነው። እንቁላል ለገበያ ከፈለጉ ድቅል ዶሮዎችን በተለየ ግቢ መያዝ ይችላሉ፤ አውራዎቻቸው ግን ከእነዚህ ሴቶች ጋር አይገናኙ።

ምርጫ ፈንግልንም አይከላከልም። ፈንግል አንዴ ከገባ የተመረጠውንም ያልተመረጠውንም ጠራርጎ ይወስዳል፤ የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ በተገዛ ዶሮ ነው። ስለዚህ የሚገዟቸው ሦስት አውራዎች ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ከሌሎቹ በራቀ ቤት፣ በተለየ የውኃ ዕቃ ይቆዩ፤ እነርሱን የሚመግበው ሰው መጀመሪያ ነባሮቹን፣ በመጨረሻ አዲሶቹን ይጎብኝ። ነባሮቹ አዲሶቹ ከመምጣታቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው፣ አዲሶቹ ደግሞ ጤነኛ መሆናቸው ከታየ በኋላ በዚያው በተለዩበት ቤት ሳሉ በወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይከተቡ። አሮጌው አውራ ከወጣ በኋላ በሴቶቹ ሆድ የቀረው ዘር ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ አዲሶቹ በገቡ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሚጣለውን እንቁላል ለምግብ ያውሉት፤ ለማስታቀፍ የሚሰበስቡት ከዚያ በኋላ የሚጣለውን ነው።